ሳይጣበቅ መከላከል፤ ረቂቃን ተሐዋስያን በጥጃ አንጀት፣ በወተት ዕቃና በባቄላ ሥር ላይ ስለሚይዙበት ሁኔታ የተጻፈ ትምህርት

የአገር ሀብት በእርሻና በከብት ላይ የቆመ መሆኑ የታወቀ ነው። ይህ ሀብት የሚጐድለው ግን በድርቅ፣ በአንበጣና መንጋን በአንድ ጊዜ በሚጨርስ ወረርሽኝ ብቻ አይደለም። ከዓይን የተሰወሩ ረቂቃን ተሐዋስያን በየበረቱና በየጓዳው ዕለት ዕለት የሚያደርሱት ጥፋትም አለ፤ ይኸውም ጥቂት በጥቂት የሚሆን ስለ ሆነ ብዙ ጊዜ ሳይቈጠር ያልፋል። አንድ ጥጃ በተወለደ በሦስተኛው ቀን ተቅማጥ ይዞት ቢሞት ነገሩ በአንድ ቤት ውስጥ ተፈጽሞ ይቀራል፤ ለወረዳው ሹም አይነገርም፤ በመዝገብም አይጻፍም። ይሁን እንጂ ከዚያ ጥጃ ጋራ ብዙ ነገር አብሮ ይጠፋል። ወንድ ቢሆን ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቀንበር የሚሸከመው በሬ ቀረ ማለት ነው፤ ሴት ብትሆን ከእርስዋ የሚወጣው ዘር ሁሉ ተቈረጠ ማለት ነው። እናቲቱም ከአገሬው ዝርያ የሆነች እንደ ሆነ፣ ጥጃዋ ካልቀረበላት ወተቷን የመያዝ ጠባይ ስላላት፣ የቤቱ ልጆች የዚያን ዓመት ወተት ያጣሉ።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ትምህርት ለአገር አስተዳዳሪዎች፣ ለወረዳ ሹማምንት፣ ለእርሻና ለከብት ባለቤቶች የተዘጋጀ ነው። የትምህርቱም ፍሬ ነገር አንድ ነው፤ ረቂቅ ተሐዋሲ ጕዳትም ሆነ ጥቅም የሚያደርሰው በቅድሚያ ከአንድ ነገር ላይ ተጣብቆ ሲይዝ ነው። ያልተጣበቀው በትንሽ ድካም ይወገዳል፤ ከተጣበቀ በኋላ ግን የሚያስከፍለው ድካምና ገንዘብ ብዙ ነው። ስለዚህ ዋናው ብልሃት ከመድኃኒቱ ብዛት ይልቅ ሰዓቱን ማወቅ ነው። አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ጕዳይ እጅግ የሚስማማ ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

1ኛ/ መጣበቅ ማለት ምን እንደ ሆነ

ባክቴሪያ የሚባለው ተሐዋሲ ሰውነቱ አንድ ሕዋስ ብቻ የሆነ ፍጡር ነው። ከዚህ በታች የሚነገርለት የአንጀት ባክቴሪያ 500 ያህሉ ጫፍ ለጫፍ ቢሰለፉ ርዝመታቸው ከአንድ ሚሊሜትር ብዙ አይበልጥም። እንዲህ ያለ ቀላል ፍጡር በሚፈስ ነገር መካከል ቆሞ መኖር አይችልም። ወንዝ ገለባን እንደሚወስድ፣ ውሃም ወተትም ምራቅም በአንጀት ውስጥ የሚገፋው ምግብም ጠርጎ ይወስደዋል። ስለዚህ ምግብ ባገኘበት ስፍራ ሊቈይ የሚሻ ባክቴሪያ የሚይዝበት መሣሪያ ያስፈልገዋል። በመንገድ ዳር የሚበቅለው ጭጎጎት ከመንገደኛ ልብስና ከከብት ጠጕር ላይ ተጣብቆ እንደሚሄድ፣ ከባክቴሪያም ወገን ብዙዎቹ በገላቸው ዙሪያ እንደ ጠጕር የቀጠኑ ክሮች አሏቸው። ሊቃውንት እነዚህን ክሮች ፊምብሪያ ይሏቸዋል። ይህን ስም በ1955 ያወጣላቸው ዱጊድ የተባለ የስኮትላንድ ሊቅ ነው።

ጭጎጎት ያገኘውን ልብስ ሁሉ ይይዛል፤ የባክቴሪያ ክር ግን ይመርጣል። በክሩ ላይ ያለው የሚይዘው ክፍል ከአንድ ዓይነት ስኳር ወይም ስኳር ከተቀጠለበት ስብ ጋራ ብቻ እንዲገጥም ሆኖ የተሠራ ነው፤ ነገሩም ቍልፍ ከገዛ ጓጕንቸሩ ጋራ እንደሚገጥም ያለ ነው። የባክቴሪያው ገላና የአንጀቱ ሕዋስ ገላ ሁለቱም አንድ ዓይነት የኤሌክትሪክ ጠባይ ስላላቸው እርስ በርሳቸው ይገፋፋሉ፤ ክሩ ግን እጅግ ቀጭን ስለ ሆነ ያን መገፋፋት አልፎ ይደርሳል። ጓጕንቸሩ ያለበትን ሕዋስ ካገኘ ይይዛል፤ ካላገኘ አልፎ ይሄዳል። አንድ በሽታ አንዱን እንስሳ ይዞ ሌላውን የሚተወው፣ ወይም ሕፃኑን ይዞ ጐልማሳውን የማይነካው፣ ከምክንያቶቹ አንዱ ይህ ነው።

መጣበቅ በሁለት ደረጃ የሚፈጸም መሆኑን ማርሻል የተባለ ሊቅና ባልደረቦቹ በ1971 ባሳተሙት ጥናት ገልጠዋል። በመጀመሪያው ደረጃ ባክቴሪያው ከገጹ ላይ ልል ሆኖ ያርፋል፤ በዚህ ጊዜ ውሃ ቢፈስበት ይነሣል። በሁለተኛው ደረጃ ሙጫ የመሰለ ነገር ከገላው አውጥቶ ራሱን ያጸናል፤ ከዚያ በኋላ ውሃ ብቻውን አያነሣውም። ቀጥሎም እዚያው እየተባዛ በሙጫው ውስጥ ተሸፍኖ ይኖራል፤ ይህም በእጅ ሲነካ የሚያሟልጨው ዝልግልግ ሽፋን ነው።

ይህ ሽፋን እንደ ምሽግ ሆኖ የሚጠብቃቸው መሆኑ ከታወቀ ብዙ ዘመን ሆኖታል። በሆላንድ አገር በዴልፍት ከተማ ይኖር የነበረው የጨርቅ ነጋዴ አንቶኒ ቫን ሌዌንሁክ በ1683 ከጥርሱ ላይ የፋቀውን ነጭ ነገር ራሱ በሠራው ማጕሊያ መነጽር ቢመለከተው በውስጡ የሚንቀሳቀሱ ብዙ ረቂቃን ፍጥረታት አየ። ቈይቶም ጥርሱን በኮምጣጤ አጥቦ ሲመረምር፣ የሞቱት በሽፋኑ ላይ በስተውጭ ያሉት ብቻ ሆነው ከውስጥ ያሉት ደኅና ሆነው አገኛቸው። ኮምጣጤው ምሽጉን አልፎ አልገባም ነበር። በዛሬው ጊዜ የወተት ማለቢያን በመድኃኒት ብቻ ነክሮ ሳይፈትግ የሚያወጣ ሰው የሚገጥመው ነገር ከዚህ ጋራ አንድ ነው።

2ኛ/ ስለ ጥጃ ተቅማጥ

በ1885 ቴዎዶር ኤሸሪክ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም በሕፃናት አንጀት ውስጥ የሚኖር አንድ ባክቴሪያ መርምሮ ገለጠ። ይህ ባክቴሪያ ኋላ በስሙ ኤሸሪሺያ ኮላይ ተባለ። ከዚህ ወገን የሚበልጡት በሰውና በእንስሳት አንጀት ውስጥ ያለ ጕዳት የሚኖሩ ናቸው። ጥቂቶቹ ግን ሁለት መሣሪያ ይዘው ይገኛሉ፤ አንደኛው የሚጣበቁበት ክር ነው፣ ሁለተኛው መርዝ ነው።

ከእነዚህ ከሁለቱ መሣሪያዎች ክሩ ምን ያህል ዋና እንደ ሆነ በመጀመሪያ የተረጋገጠው በእንግሊዝ አገር በእርያ ግልገሎች ላይ በተደረገ ምርመራ ነው። ዊሊያምስ ስሚዝና ሊንጉድ የተባሉ ሊቃውንት በ1971 ባሳተሙት ጥናት፣ ኬ 88 የተባለውን ክር የሚያወጣ ባክቴሪያ ክሩን እንዲያጣ ባደረጉት ጊዜ፣ መርዙ ሳይወሰድበት ተቅማጥ የማምጣት ኃይሉን ማጣቱን ገለጡ፤ ክሩ ሲመለስለት ኃይሉም ተመለሰ። በ1975 ደግሞ ሌሎች ሊቃውንት በዚያው አገር ከእርያዎች ወገን አንዳንዶቹ በአንጀታቸው ላይ ለዚህ ክር የሚገጥም ጓጕንቸር የሌላቸው መሆናቸውን፣ ይህም ከወላጅ ወደ ልጅ የሚወረስ መሆኑን አገኙ። በእነዚህ እንስሳት አንጀት ውስጥ ባክቴሪያው ቢገባም የሚይዝበት ስላጣ ተጠርጎ ይወጣል። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጥ ነው፤ መርዝ የያዘ ጠላት እንኳ ቢሆን መቆሚያ ስፍራ ካጣ ጕዳቱ አይደርስም።

ጥጃን የሚገድለው ባክቴሪያ የሚይዝበት ክር ቀድሞ ኬ 99 ይባል ነበር፤ አሁን ኤፍ 5 ይባላል። ይህ ክር የሚገጥመው አዲስ በተወለደ ጥጃ በቀጭኑ አንጀት ሕዋሳት ላይ ከሚገኝ ስኳር ካለበት ስብ ጋራ ነው። ጥጃው ዕድሜው በጨመረ መጠን ባክቴሪያው በአንጀቱ ላይ የመያዝ ኃይሉ ይቀንሳል። ስለዚህ በዚህ ምክንያት የሚመጣው ተቅማጥ ይልቁን የሚያጠቃው በመጀመሪያዎቹ አራት ቀናት ያህል ውስጥ ያለውን ጥጃ ነው።

ስለዚህ ክር የታወቀ ሌላም ነገር አለ። ባክቴሪያው በ18 ዲግሪ ሙቀት ሲኖር ክሩን አያወጣም፤ በ37 ዲግሪ፣ ማለት በእንስሳ ገላ ሙቀት ያህል ሲሆን ግን ያወጣዋል። በቀዝቃዛ የበረት ጭቃና እበት ላይ ሳለ እጁን እንደ ሰበሰበ ሰው ነው፤ ከላሚቱ ጡት ላይ ባለው እድፍ ወይም ባልታጠበ እጅ ወደ ጥጃው አፍ ከገባ በኋላ እጁን ይዘረጋል። ተጣብቆም ምቹ ሁኔታ ካገኘ በ20 ደቂቃ አንዱ ሁለት ሊሆን ይችላል። በዚህ ሒሳብ ከአንድ ባክቴሪያ በ8 ሰዓት ውስጥ ከ16 ሚሊዮን በላይ ሊወጣ ይችላል ማለት ነው። በእርግጥ በአንጀት ውስጥ ነገሩ ሁልጊዜ እንዲህ አይፈጥንም፤ ነገር ግን ማታ ደኅና ሆኖ የታየ ጥጃ ጧት ወድቆ የሚገኝበት ምክንያት ከዚህ ሒሳብ ይታወቃል።

ባክቴሪያው ከአንጀቱ ሕዋስ ጋራ ተጠግቶ መርዙን በሚያወጣበት ጊዜ ሕዋሱ የሰውነቱን ውሃና ጨው ወደ አንጀቱ ውስጥ ያፈሳል። ጥጃው የሚሞተው በመርዙ ተቃጥሎ ሳይሆን ውሃውና ጨው ስላለቀበት ነው። ምልክቱም የታወቀ ነው፤ ነጭ ወይም ቢጫ ሆኖ እንደ ውሃ የቀጠነ ተቅማጥ ይወርደዋል፤ ዓይኑ ይጐደጕዳል፤ የአንገቱ ቆዳ ተቈንጥጦ ሲለቀቅ ቶሎ አይመለስም፤ አፉና እግሩ ይቀዘቅዛል፤ በመጨረሻም መቆምና መጥባት ያቅተዋል።

ይሁን እንጂ የጥጃ ተቅማጥ ሁሉ በዚህ ባክቴሪያ ምክንያት የሚመጣ አይደለም። ሮታ ቫይረስና ክሪፕቶስፖሪዲየም የሚባለው ረቂቅ ተሐዋሲም ጥጃን ያስቀምጣሉ፤ ይልቁንም ከመጀመሪያው ሳምንት መጨረሻ ወዲህ ባለው ጊዜ። መድኃኒቱ ለሁሉ አንድ ስላልሆነ ለይቶ ማወቅ የእንስሳት ሐኪም ሥራ ነው። ለተቅማጥ ሁሉ ባክቴሪያ ገዳይ መድኃኒት እየሰጡ መሄድ በቫይረሱ ላይ ምንም አያደርግም፤ ባክቴሪያዎቹንም መድኃኒቱን እንዲለምዱት ያደርጋል።

3ኛ/ ስለ እንገርና ስለ መጀመሪያዎቹ ሰዓቶች

የሰው ልጅ በእናቱ ማኅፀን ሳለ በሽታን የሚከላከል ኃይል ከእናቱ ደም ይቀበላል። የላም ማኅፀን ግን ይህን ኃይል ወደ ጥጃው አያሳልፍም። ስለዚህ ጥጃ በተወለደ ሰዓት ጋሻ እንደሌለው ወታደር ነው። ጋሻው ያለው በእናቱ ጡት ውስጥ በእንገሩ ነው። እንገር ተራ ወተት አይደለም፤ ላሚቱ በኖረችበት አገር ካሉት በሽታዎች ጋራ ተዋግታ ያገኘችው መከላከያ ተጠራቅሞ የሚገኝበት ነው።

እንገር ለጥጃው በሁለት ወገን ይጠቅመዋል። በአንድ ወገን የጥጃው አንጀት በመጀመሪያዎቹ ሰዓቶች ይህን መከላከያ እንዳለ ተቀብሎ ወደ ደሙ ያሳልፋል። ይህ በር ግን ጥጃው ከተወለደ ጊዜ ጀምሮ እየጠበበ ሄዶ በ24 ሰዓት ያህል ውስጥ ይዘጋል፤ ከሁሉ የሚበልጠው ጊዜም የመጀመሪያዎቹ 6 ሰዓቶች ናቸው። በሌላ ወገን ደግሞ በአንጀቱ ውስጥ የቀረው መከላከያ የባክቴሪያውን ክር ከቦ ይይዘዋል፤ ክሩም ከጓጕንቸሩ ጋራ መግጠም አይችልም። በዚህ ጊዜ ባክቴሪያው እጁ እንደ ታሰረ ሌባ ሆኖ ከምግቡ ጋራ ተጠርጎ ይወጣል። ይህ የሚሆነው ግን እንገሩ ቀድሞ የደረሰ እንደ ሆነ ነው፤ ባክቴሪያው ቀድሞ ተጣብቆ መርዙን ከጀመረ በኋላ የሚመጣ እንገር የፈሰሰውን ውሃ አይመልስም።

በዚሁ መሠረት የተሠራ ክትባትም አለ። ክትባቱ የሚሰጠው ለጥጃው ሳይሆን ለእናቲቱ ነው፤ ይኸውም ከመውለዷ በፊት ባሉት ሳምንታት ውስጥ የባክቴሪያው ክር ለብቻው ወይም ከሞተ ባክቴሪያ ጋራ ይወጋላታል። ላሚቱም በዚያ ክር ላይ መከላከያ ታዘጋጅና በእንገሯ ለጥጃው ታሳልፋለች። ይህ ብልሃት በብዙ አገሮች ይሠራበታል። ነገር ግን የተከተበች ላም እንኳ ብትሆን ጥጃዋ እንገሩን በሰዓቱ ካልጠባ ክትባቱ ለጥጃው ከንቱ ነው።

በአንዳንድ ስፍራ የላሚቱ የእንግዴ ልጅ እስኪወርድ ድረስ ጥጃው እንዳይጠባ የመከልከል ልማድ አለ። የእንግዴ ልጅ በደኅናው ጊዜ እንኳ እስኪወርድ ብዙ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል፤ አንዳንድ ጊዜም ቈይቶ እስከ ማግሥቱ ያድራል። ስለዚህ ይህን የሚጠብቅ ባለ ከብት በሩ ክፍት የሆነበትን ሰዓት በሙሉ ሊያሳልፈው ይችላል። ጥጃው መጥባቱ ለላሚቱ ጕዳት የለውም፤ እንዲያውም ጡቷ ሲጠባ ማኅፀኗ እንዲኰማተር የሚያደርግ ኃይል በገላዋ ውስጥ ይነሣል፤ ይህም የእንግዴ ልጁን ለማውረድ የሚረዳ ነው። በሌላ ስፍራ ደግሞ እንገሩ ለቤተ ሰብ ምግብ ይሆን ዘንድ አስቀድሞ ይታለባል። ይህ ምግብ በብዙ ቤት የተወደደ መሆኑ አይካድም፤ ስለዚህ ሰው እንገርን ፈጽሞ አይቅመስ ማለት አያሻም። የሚያስፈልገው ተራውን መጠበቅ ነው፤ ጥጃው በመጀመሪያ ይጥገብ፣ የተረፈው ለሰው ይሁን።

መጠኑን በሚመለከት፣ ጥጃው በመጀመሪያዎቹ ሰዓቶች ውስጥ የክብደቱን አንድ ዐሥረኛ ያህል እንገር ቢያገኝ መልካም ነው። 20 ኪሎ የሚመዝን ጥጃ 2 ሊትር ያህል፣ 30 ኪሎ የሚመዝን ደግሞ 3 ሊትር ያህል ይገባዋል ማለት ነው። ደክሞ መቆም ያቃተው ጥጃ ቢኖር እንገሩን በታጠበ ዕቃ አልቦ በጠርሙስ ቀስ እያደረጉ ማጠጣት ይገባል። ከመጥባቱ በፊት የላሚቱን ጡት በንጹሕ ውሃ ማጠብና ማድረቅ፣ የምትወልድበትን ስፍራ በደረቅ ጭድ ማንጠፍ፣ የሚያስቀምጠውን ጥጃ ከሌሎቹ መለየት፣ እርሱን የነካ ሰውም ወደ ጤነኞቹ ከመሄዱ በፊት እጁን መታጠብ ያስፈልጋል። እነዚህ ሁሉ ወደ ጥጃው አፍ የሚገባውን የባክቴሪያ ብዛት የሚቀንሱ ናቸው።

ተቅማጡ የጀመረ እንደ ሆነ ሳይውል ሳያድር የጠፋውን ውሃና ጨው መተካት ይገባል፤ ለዚህም የእንስሳት ሐኪም የሚያዘጋጀው በውሃ የሚበጠበጥ ዱቄት አለ። ተራ ስኳር ለሰው ልጅ ተቅማጥ የሚረዳ ሲሆን፣ የጥጃ አንጀት ግን ሊፈጨው ስለማይችል ለጥጃ አይስማማም። የእናቱን ወተትም ፈጽሞ መከልከል ጥጃውን በረኃብ ማድከም ነው።

4ኛ/ ስለ ወተት ዕቃ

ከላይ የተነገረው ሕግ ሕይወት በሌለው ነገር ላይም ይሠራል። ክሎድ ዞቤል የተባለ አሜሪካዊ ሊቅ በ1943 ባሳተመው ጥናት፣ ምግብ ጥቂት በሆነበት ውሃ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች በዕቃው ግድግዳ ላይ መያዝ እንደሚጠቅማቸው ገለጠ፤ ምግባቸው የሚሆነው ነገር ከውሃው ይልቅ በግድግዳው ላይ ይከማቻልና ነው። በወተት ዕቃ ውስጥ ደግሞ ምግቡ የተትረፈረፈ ነው። ወተቱ ከተገለበጠ በኋላ በግድግዳው ላይ የሚቀረው ስስ የስብና የፕሮቲን ልባስ ለባክቴሪያው መኝታም ቀለብም ይሆነዋል። ዕቃው ሳይታጠብ ባደረ ቍጥር ከላይ የተጠቀሰው ዝልግልግ ምሽግ እየጸና ይሄዳል። ከዚያ በኋላ የፈላ ወተት እንኳ ቢገለበጥበትና ቢቀዘቅዝ፣ ከግድግዳው የሚለቁት ባክቴሪያዎች ገብተውበት ፈጥኖ ይበላሻል። ወተቱን ያበላሸችው ላሚቱ ናት ተብሎ የሚነገረው ብዙ ጊዜ የዕቃው ጥፋት ነው።

የአስተጣጠቡም ተራ ይህ ነው። በመጀመሪያ፣ ወተቱ እንደ ተገለበጠ ወዲያው ዕቃውን በቀዝቃዛ ወይም ለብ ባለ ንጹሕ ውሃ ማለቅለቅ ይገባል። በመጀመሪያ የፈላ ውሃ ማግባት ስሕተት ነው፤ የወተቱን ፕሮቲን አብስሎ ከግድግዳው ጋራ ያጣብቀዋልና። ቀጥሎ በሙቅ ውሃና በሳሙና እየፈተጉ ማጠብ ያስፈልጋል፤ ምሽጉን የሚያፈርሰው ፍተጋው ነውና። በሦስተኛው በፈላ ውሃ ማጥራት፣ በመጨረሻም አፉን ወደ ታች ደፍቶ በፀሓይና በነፋስ ማድረቅ ነው። ባክቴሪያ ያለ እርጥበት አይባዛምና ደረቅ ዕቃ ግማሽ መድኃኒት ነው።

ዕቃን በወይራ ጢስ ማጠን በኢትዮጵያ ከጥንት የቈየ መልካም ልማድ ነው። በጢሱ ውስጥ ባክቴሪያን የሚያደክሙ ነገሮች አሉ፤ ለወተቱና ለቅቤውም የታወቀውን መዓዛ ይሰጠዋል። ነገር ግን ጢስ የመታጠብን ሥራ አይተካም። በታጠበና በደረቀ ዕቃ ላይ ሲታጠን ለመያዝ የሚመጣውን ይከላከላል፤ ባልታጠበ ዕቃ ላይ ሲታጠን ግን የሌዌንሁክ ኮምጣጤ እንደ ሆነው በላይ ያለውን ብቻ ነክቶ ይቀራል። እንደዚሁም አፉ ጠባብ የሆነ የፕላስቲክ ጀሪካን እጅ ገብቶ ሊፈትገው የማይችል ስለ ሆነ፣ በውስጡም የሚፈጠረው ጭረት ለባክቴሪያ መሸሸጊያ ስለሚሆን፣ ወተት ለገበያ የሚያቀርቡ ሰዎች አፈ ሰፊ የብረት ዕቃ ቢይዙ ይሻላል።

5ኛ/ ስለሚጠቅም መጣበቅ

ተሐዋሲ ሁሉ ጠላት አይደለም፤ የሚጣበቅም ሁሉ መነቀል የለበትም። ሄልሪጌልና ቪልፋርት የተባሉ ጀርመናውያን ከ1886 እስከ 1888 ባለው ጊዜ ባደረጉትና በገለጡት ምርመራ፣ አተርን የመሳሰሉ ጥራጥሬዎች በሥራቸው ላይ ባሉት ዕብጠቶች አማካይነት ከአየር ናይትሮጅን የሚያገኙ መሆናቸውን አስረዱ። በ1888 ደግሞ ቤየሪንክ የተባለ ሆላንዳዊ ሊቅ በዕብጠቱ ውስጥ የሚኖረውን ባክቴሪያ ለይቶ አወጣ። ይህ ባክቴሪያ ራይዞቢየም ይባላል።

በዚህም ነገር መጀመሪያው መጣበቅ ነው። የባቄላው ሥር ወደ አፈሩ የሚያወጣው ነገር ባክቴሪያውን ይጠራዋል፤ ባክቴሪያውም በሥሩ ላይ ካሉት ጠጕር መሰል ቀጫጭን ሥሮች ጫፍ ላይ ተጣብቆ ይይዛል። ያን ጊዜ የሥሩ ጠጕር እንደ መንጠቆ ታጥፎ ይከበዋል፤ ባክቴሪያውም በቀጭን መንገድ ወደ ውስጥ ገብቶ ዕብጠት ይሠራል። በዚያም ተክሉ ስኳር ይሰጠዋል፤ እርሱም ለተክሉ ናይትሮጅን ይሰጣል። አራሹ ማሳውን ባቄላ ዘርቶ በሚቀጥለው ዓመት ስንዴ ሲዘራበት የሚያገኘው ብልጫ በአብዛኛው ከዚህ የመጣ ነው።

እዚህም ላይ ቍልፍና ጓጕንቸር አለ። ለባቄላ የሚሆነው ባክቴሪያ ለአተርና ለምስር ይሆናል፤ ሽምብራና አኵሪ አተር ግን እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ይሻሉ። ስለዚህ ባክቴሪያው ተዘጋጅቶ በሚታደልበት ጊዜ ለየትኛው እህል እንደ ሆነ ሳይለዩ መስጠት ዘሩንም ድካሙንም ማባከን ነው። ሰዓቱም እንደ ጥጃው እንገር ነው፤ ሥሩ ሲወጣ ባክቴሪያው በዘሩ ላይ ቀድሞ ሊገኝ ይገባል። ዘሩን በጥቂት የስኳር ውሃ አርሶ ከባክቴሪያው ጋራ በጥላ ሥር ማሸት፣ በዚያው ቀን በእርጥብ መሬት መዝራት፣ ወዲያውም አፈር ማልበስ ያስፈልጋል፤ ፀሓይ ባክቴሪያውን ይገድለዋልና። መሬቱ ኮምጣጣ በሆነበት አገር ባክቴሪያው በሥሩ ላይ መያዝና ዕብጠት መሥራት ስለሚያቅተው አስቀድሞ ኖራ ማልበስ ይጠቅማል። የሥራውን ውጤት ለማወቅ ባቄላው ሲያብብ ጥቂት ተክል ከነሥሩ ቈፍሮ አውጥቶ ዕብጠቱን በጥፍር መክፈል በቂ ነው። ውስጡ ቀይ ወይም ሮዝ ከሆነ ባክቴሪያው ሥራውን ይሠራል፤ ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ ግን አይሠራም።

6ኛ/ ከሹማምንትና ከባለ ከብቶች የሚጠበቅ ሥራ

ከዚህ በላይ የተነገረውን በሥራ ለማዋል የሚያስፈልገው ወጪ ከሁሉ ያነሰ ነው። እንገሩ በላሚቱ ጡት ውስጥ አለ፤ ውሃና ወይራ በአገሩ አለ። የሚጐድለው ሰዓቱን ማወቅና ልማድን ማረም ነው፤ ልማድ ደግሞ በትእዛዝ ብቻ አይለወጥም፤ በማሳየት እንጂ። ስለዚህ የሚከተሉት ነገሮች እንዲፈጸሙ ይገባል።

አንደኛ፣ የየወረዳው ሹማምንት ሕዝቡ በሚሰበሰብበት በገበያና በስብሰባ ቀን ስለ እንገር የተነገረው እንዲሰማ ያድርጉ፤ ይልቁንም ላም የሚያልቡትና ጥጃ የሚጠብቁት ሴቶችና ልጆች ስለ ሆኑ ትምህርቱ ለእነርሱ መድረሱን ያረጋግጡ። ለባለ ከብቱ ብቻ ተነግሮ የሚቀር ነገር በበረት ውስጥ አይፈጸምም።

ሁለተኛ፣ ብዙ ከብት ያላቸው ሰዎች በራሳቸው በረት መጀመሪያ ይሥሩበት። ጥጃ ሲወለድ የተወለደበትንና በመጀመሪያ የጠባበትን ሰዓት ይጻፉ፤ ከአንድ ዓመት በኋላ ቶሎ ከጠቡትና ዘግይተው ከጠቡት ስንቱ እንደ ሞተ ያስተያዩ። ጐረቤት ከብዙ ስብከት ይልቅ ይህን ቍጥር ያምናል።

ሦስተኛ፣ በየቀበሌው የተወለዱና የሞቱ ጥጆች ከነሞቱበት ዕድሜ ይመዝገቡ። በመጀመሪያዎቹ አራት ቀናት የሚሞቱት የበዙ እንደ ሆነ ነገሩ የእንገርና የመውለጃ ስፍራ ጕዳይ መሆኑን ያመለክታል፤ ከሳምንት ወዲህ የሚሞቱት የበዙ እንደ ሆነ ግን ሌላ ምክንያት መፈለግ ይገባል። ይህ መዝገብ ሳይኖር የእንስሳት ሐኪም ቢላክ ከየት እንደሚጀምር አያውቅም።

አራተኛ፣ ወተት በሚሰበሰብበት ስፍራ ሁሉ ከሚዛኑ አጠገብ ንጹሕ ውሃ፣ ሳሙናና የዕቃ ማድረቂያ ቆጥ ይኑር፤ ባለ ወተቱ ዕቃውን እዚያው አለቅልቆ ይመለስ። ዕቃው ወደ ቤት እስኪደርስ የሚፈጀው ሰዓት ባክቴሪያው ምሽጉን የሚጀምርበት ሰዓት ነውና።

አምስተኛ፣ ለዘር የሚታደል ባክቴሪያ ከመጋዘን እስከ ማሳ ድረስ ከፀሓይና ከሙቀት ተጠብቆ እንዲደርስ፣ የእህሉም ስም በግልጥ እንዲጻፍበት ይሁን።

እነዚህ አምስቱ ነገሮች በተፈጸሙበት ወረዳ የሚታየው ለውጥ በአንድ ቀን አይገለጥም፤ የዳነው ጥጃ ወተት የሚያስገኝበትና ቀንበር የሚሸከምበት ጊዜ ገና ነው። ነገር ግን ከጥቂት ዓመታት በኋላ በመኸር ጊዜ ጥማድ የጐደለው አራሽ ቍጥር ሲቀንስ፣ ያ ቍጥር የተቀነሰው ጥጃው በተወለደ በመጀመሪያዎቹ 6 ሰዓቶች ውስጥ መሆኑን መዝገቡን የያዘ ሹም ያውቀዋል።